ከአሜን በኋላ

ነሐሴ 9፣ ማታ

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ቱሉ ዲምቱ እንዲህ ሲዘንብ ጭቃው ደጃፍ ድረስ ይከተላል፤ ልብም ያለ ምክንያት ይከብዳል። ከላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን የፍልሰታ ሰዓታት ይሰማል፤ ከታች ካለው የጴንጤዎች የቆርቆሮ አዳራሽ ደግሞ ኪቦርድና መዝሙር። ዝናቡ ሁለቱንም እየቆራረጠ ያመጣቸዋል። አንዱን ለይቼ ልስማ ብል አልሆነልኝም። ሁለቱም ጌታን ነው የሚጠሩት። እኛ ግን በአንድ እድር እየኖርን በድስት እንቀያየማለን።

በድስት ስል እውነቴን ነው። ለቅሶ ቤት ነገር የሚበላሸው ጓዳ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ወይም እንዲህ በፍልሰታ፣ ሐዘንተኛው ጴንጤ ከሆነ የቅቤው ወጥና የዘይቱ ሽሮ ጎን ለጎን ይጣዳሉ። ሰው ሲበዛ አንዷ ማማሰያ ከዚያ ወጥታ እዚህ ትገባለች። የእንጨት ማማሰያ ደግሞ ቅቤ ይጠጣል፤ ቢታጠብም ሽታው ቶሎ አይለቅም። ጾመኛዋ እናት ይህን ስታይ አትናገርም። ሳህኑን ትቀበላለች፣ እንጀራውን ከዳር ቆረስ ታደርጋለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወንበር ሥር ታስቀምጠዋለች። የቤቱ ሰው ያንን ሳህን ሲያነሳ «ምግባችንን ተጸየፈችው» ብሎ ያዝናል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁለት ቤት ግን ተቀያየመ።

በጾም ቀን ለሁሉም የጾም ብቻ መሥራት ይሻላል። 1 ኪሎ ሽሮ ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይዞ ወደ 20 ሰው ያበላል፤ ንፍሮው የስንዴና የሽምብራ ስለሆነ ማንንም አያስቀርም። የፍስክ የግድ ከሆነ የጾሙ ቀድሞ ይሠራ፤ ድስቱም፣ ማማሰያውም፣ ጭልፋውም ለብቻው ይሁን። እጀታቸው ላይ ቀይ ክር ማሰር ነው። ጓዳ የገባች ሁሉ ሳትጠይቅ ታውቀዋለች።

መጠጡም እንደዚያው ነው። ጠላ የማይጠጣን ሰው «አፈር ስሆን፣ አንዴ ቅመስ» ማለት በሌላ ቦታ ፍቅር ነው፤ እዚህ ግን ከእምነቱ ጋር ማታገል ነው። ቀሪቦ ወይም ብርዝ አስቀድሞ ከተቀዳለት ሳይሳቀቅ ይቀመጣል።

ጴንጤዎቹም ይጾማሉ። ይህን ከኛ ከኦርቶዶክሶቹ ወገን የማያውቅ ብዙ ነው። የኛ ጾም ቀኑ የታወቀ ነው፤ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፤ እስከ ሰዓቱ ቆይተን ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን። የነሱ አብዛኛውን ጊዜ የቀን መቁጠሪያ የለውም። ለጸሎት ብለው ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይቀምሱ ይውሉና ማታ ያገኙትን ይበላሉ። ስለዚህ እኛ እንቁላል ሲበሉ አይተን «አይጾሙም» እንላለን፤ እነሱ ሽሮ ስንበላ አይተው «ይሄ ምን ጾም ነው» ይላሉ። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት።

«ጴንጤ» ብለን ሁሉን በአንድ ከረጢት መክተታችንም ልክ አይመስለኝም (እኔም ከላይ ጻፍኩት)። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ግን አምኖ የመሰከረውን ነው የምታጠምቀው። ከኛ ቤት በ40 ወይም በ80 ቀኑ የተጠመቀ ልጅ አድጎ እንደገና ሲጠመቅ እናቱን የሚያማት ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው እንዳልነበረ የተቆጠረባት ይመስላታል። «ዳነ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያቆስላል፤ ያልዳነው ማን እንደሆነ ሳይነገር ይታወቃልና። ከኛ በኩል «መናፍቅ» የሚለው ከዚያ ይብሳል። ለቅሶ ላይ ይህን ቃል የተናገረ ሰው ምንም ያህል ቢያስተዛዝን ማስተዛዘኑ አይቆጠርለትም።

ልዩነት የለም ማለት ግን መዋሸት ነው። የኛ መጽሐፍ ቅዱስ 81 መጻሕፍት ነው፣ የነሱ 66። ከሲራክ ጠቅሼ ላሳምን ብል ለነሱ ማስረጃ አይሆንም፤ ከ66ቱ ከጠቀስኩ ግን ሁለታችንም እንሰማለን። እመቤታችንን በተመለከተ እንኳ ሉቃስ 1፥48 በሁለታችንም እጅ አለ፤ «ትውልድ ሁሉ ብፅዕት ይሉኛል» ይላል። ምልጃው ላይ ግን እንለያያለን። ይህን ሐዘንተኛ ፊት መከራከር ጭካኔ ነው፤ ቡና ላይ፣ ሁለት ሰው ሲሆኑ፣ ሳይጮኹ ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የእድሩ ጸሎት ነው። ከድንኳኑ ከመነሳታችን በፊት «አባታችን ሆይ» እንላለን። ሁሉም ይቆማል፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ፤ ዓይኑን ለጨፈነ ማን የየት እንደሆነ አይለይም። «ለዘለዓለሙ አሜን» ላይ ግማሹ ያቆማል። እኛ እንቀጥላለን፤ «እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ሆይ፣ በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል ሰላምታ…»። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። እነሱ እጃቸውን አጣምረው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ እስክንጨርስ ይቆማሉ። አንዳንዱ ኮፍያውን እንኳ መልሶ አያደርግም።

አሜኑ ላይ ብናቆም የምንወዳትን የደበቅናት ይመስለኛል። ስንቀጥል ደግሞ አብረውን ያለቀሱትን ከደጅ የምናስቆማቸው ይመስለኛል። ዝቅ ባለ ድምፅ ማለት ይሻል ይሆን? ወይስ ያኔ መሸማቀቅ ይሆናል? እነሱስ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ በልባቸው ምን ይሉ ይሆን? ይህን ያህል ዓመት አጠገባቸው ቆሜ አንዳቸውንም ጠይቄ አላውቅም።