የአንደርቴከር ሽንፈትና የመቶ ብሩ ውርርድ

እ.ኤ.አ. በ2014 ጀሞ ኮንዶሚኒየም በሚገኝ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ሒሳብ ተቀባይ ሆኜ በምሠራበት ወቅት፣ ከእግር ኳስ ቀጥሎ ወረፋ የሚያዝለት ጨዋታ ደብሊው ደብሊው ኢ 2ኬ14 ነበር፤ ደብሊው ደብሊው ኢ ሬስሊንግ የተባለውን ትግል የሚያዘጋጅ የአሜሪካ ድርጅት ነው። በ2013 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ይህ ጨዋታ፣ ተጫዋቹ የፈለገውን ታጋይ መርጦ ከ1991 ጀምሮ ሬስልማንያ በተባለው የድርጅቱ ትልቁ ዓመታዊ ዝግጅት መድረክ 21 ጊዜ ገብቶ 21 ጊዜ ያሸነፈውን አንደርቴከርን ለመጣል የሚሞክርበት ልዩ ክፍል ነበረው። በዚህ ክፍል ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሰው አንደርቴከር ለማሸነፍ ከተለመደው እጅግ የከበደ ነው። ሊሸነፍ ሲቃረብ መብራቱ ድርግም ይልና ሲበራ ከተጋጣሚው ጀርባ ቆሞ ይገኛል። በዚያች ቅጽበት ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ያላጋጨ ደንበኛ ትዝ አይለኝም፤ አብዛኞቹ ጆይስቲኮቻችን የላሉትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2014 በኒው ኦርሊንስ በሚካሄደው ሬስልማንያ 30 አንደርቴከር ከብሮክ ሌስናር ጋር እንደሚገጥም በታወቀ ጊዜ፣ ሁለት ቋሚ ደንበኞቻችን፣ አንዱ የታክሲ ረዳት ሌላው የኮብልስቶን ሠራተኛ፣ መቶ መቶ ብር ተወራረዱ። ረዳቱ እንደ አብዛኛው ሰው በአንደርቴከር ላይ አስያዘ። የኮብልስቶን ሠራተኛው ሌስናርን የመረጠው ግን በጨዋታው ላይ ዘወትር የሚይዘው ታጋይ እሱ ስለሆነ ብቻ ነበር። ብሩን ሁለቱም የሚያከብሯቸው የቤቱ ባለቤት፣ በጡረታ ላይ ያሉ የሒሳብ መምህርት፣ ዓርብ ማታ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት።

በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ሊነጋጋ ሲል፣ አዘጋጁ ከ75,000 በላይ ተመልካች እንደተገኘበት ባስታወቀው ስታዲየም፣ ሌስናር ኤፍ 5 የተባለውን ውርወራ ለሦስተኛ ጊዜ ካሳረፈ በኋላ ዳኛው ሦስት ቆጠረና አንደርቴከር ተሸነፈ። ጠዋት ሱቁን ስከፍት የኮብልስቶን ሠራተኛው ዜናውን በስልኩ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። ረዳቱም ብዙ ሳይቆይ መጣ፤ ይዞት የመጣው ግን መቃወሚያ ነው። «በትያትር ላይ ውርርድ የለም፤ ብሬ ይመለስልኝ» አለ። ድርጅቱ ራሱ፣ ከስፖርት ተቆጣጣሪዎች ፈቃድና ግብር ነፃ ለመሆን ሲል፣ በ1989 ለኒው ጀርሲ ግዛት ሴኔት ትግሉ መዝናኛ እንጂ ውድድር አለመሆኑን ማመኑን ጠቀሰ። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም ረዳቱ ይህን የሚያውቀው ከመሸነፉ በፊት መሆኑን ሳስብ ክርክሩ ትንሽ ቀለለብኝ።

የቤቱ ባለቤት እስከ መጨረሻው ካዳመጡት በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ብሩን ስታስይዙ ከሁለታችሁ ውጤቱን የሚያውቅ ነበር?»

«የለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ለእናንተ ዕጣ ነው። ዕቁብ የሚወጣለት ሰው ማንን ታግሎ ነው?»

«እትዬ፣ ዕቁብማ ዞሮ ዞሮ ለሁሉም ይደርሳል። የኔ መቶ ብር ግን ሄደች አይደል!»

ከልባቸው ሳቁ፤ ብሩን ግን ለአሸናፊው ቆጥረው ሰጡት።

ፍርዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ውርርድን ፍትሐዊ የሚያደርገው ታጋዮቹ ከልብ መታገላቸው ሳይሆን ተወራራጆቹ እኩል አለማወቃቸው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ወሬው ቀድሞት ቢሆን ኖሮ ትግሉ የእውነት ቢሆንም እንኳ ውርርዱ ማታለል ይሆን ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የድርጅቱ የያኔው ሊቀ መንበር ቪንስ ማክማን ከቀድሞው ታጋይ ስቲቭ ኦስቲን ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ ውሳኔው የራሱ እንደነበረ ተናገረ፤ አንደርቴከርም በበኩሉ መሸነፉ የተወሰነው በዝግጅቱ ዕለት መሆኑን ከጊዜ በኋላ ገልጿል። ስለዚህ ሁለቱ ወጣቶች ዓርብ ብር ሲያስይዙ የሚወድቀው ሰው ራሱም መውደቁን አያውቅም ነበር። አወዳደቁ ደግሞ ትያትር ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ግጥሚያ ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ይህን ሁሉ ለረዳቱ ስነግረው አንገቱን ነቀነቀ እንጂ ተሸነፍኩ አላለም።

የቤቱ ባለቤት ውርርዱ በተፈረደበት ሳምንት አዲስ ደንብ አስለጠፉኝ። የደንበኞች የውርርድ ብር በመሳቢያችን አይቀመጥም፤ መጫወት የፈለጉ ከኮምፒውተሩ ወይም እርስ በርስ ይጋጠማሉ፤ ተሸናፊው የሁለቱንም የጨዋታ ሒሳብ ይከፍላል። የመጀመሪያው አቤቱታ የመጣው ከዚያው ረዳት ነበር። ከኮምፒውተሩ ጋር ሲጋጠም የጨዋታውን የአስቸጋሪነት ደረጃ የመረጥኩለት እኔ በመሆኔ ውጤቱ አስቀድሞ ተወስኗል የሚል ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ተጫዋቾቹ ራሳቸው እየመረጡ ከመጀመራቸው በፊት በደብተሩ ላይ እንዲፈርሙ ተደረገ።