እጅ አጣጥፎ መቀመጥ

ሰሞኑን ማታ ማታ የእንግሊዝኛ ቃላትን ምንጭ ስፈልግ አመሻለሁ። ልቤን የያዙት አለማድረግን የሚናገሩት ናቸው። እኛ «እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ» ስንል ብዙውን ጊዜ መውቀሳችን ነው። እንግሊዝኛም ወቃሽ ቃል አላጣም። «ፕሮክራስቲኔት» በሆዱ «ክራስ» የሚለውን ላቲን ይዟል፤ ነገ ማለት ነው። ዛሬ ነገ እያሉ ሥራን መግፋት። «ኔግሌክት» ደግሞ ከሥሩ አለማንሣት፣ አለመልቀም ነው። ይኼኛው ያስፈራኛል፤ ቸል ያልኩት ሁሉ አሁንም እዚያው እንደወደቀ ይታየኛልና።

«ሪፍሬይን» ላይ ስደርስ ግን ሐሳቤ ተለወጠ፤ ራስን መግታት ማለት ነው። የመጣው «ፍሬኑም» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ልጓም ማለት ነው። ከጣሊያንኛ የወሰድነው የመኪናችን ፍሬንም ከዚሁ ይወለዳል። ልጓም የሚያስፈልገው ለሚጋልብ ፈረስ ነው። እናቴ የጎረቤት ጠብ ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ ሲሰድቧትም አትመልስም። «ፈሪ ናት» ሲሏት ሰምቻለሁ። እኔ ግን ከንፈሯን ነክሳ ጓዳ ውስጥ ስትንጎራደድ አይቻታለሁ። ከመመለስ ይልቅ ዝም ማለቱ ብዙ ጉልበት ፈጅቶባት ነበር።

«ስትራይክ» መምታት ሆኖ ሳለ የሥራ ማቆም አድማ መጠሪያ የሆነው በመርከበኞች በኩል ነው። ሸራ ማውረድን በዚህ ቃል ይጠሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1768 የተሻለ ደመወዝ የፈለጉ መርከበኞች ለንደን ላይ ሸራ አውርደው መርከቦቹን አቆሙ።

ከሁሉ የገረመኝ «ቦይኮት» ነው። ቻርለስ ቦይኮት በአየርላንድ፣ በማዮ አውራጃ፣ የባለመሬቱ የሎርድ ኧርን ምስለኔ ነበር። ጭሰኛ የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚሸከም እኛ አስረጂ አያሻንም፤ የማዮ ገበሬዎችም ጭሰኞች ነበሩ። በ1880 ከኪራዩ 25 በመቶ እንዲቀነስላቸው ጠየቁ፤ ባለመሬቱ ከ10 በመቶ አላልፍም አለ፤ ቦይኮትም ያልከፈሉትን ሊያስነቅል ተነሣ። በዚያው መስከረም የጭሰኞቹ መሪ ፓርኔል፣ ሰው የተነቀለበትን መሬት የሚይዝ ምን ይደረግ ብሎ ሕዝቡን ሲጠይቅ «ይገደል!» የሚል ድምፅ መጣ። ፓርኔል ከዚያ የተሻለ፣ ለክርስቲያን የሚገባ መንገድ አለ አለ፦ በመንገድ፣ በሱቅ፣ በገበያ አታናግሩት።

በቦይኮት ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሠራተኞቹ እርሻውንና ቤቱን ጥለው ወጡ፣ ባለሱቅ አልሸጥም አለው፣ ፖስተኛውም ደብዳቤ ማድረሱን ተወ። ሰብሉን የሚሰበስቡ 50 ሰዎች ከሌላ አውራጃ መጡለት፤ እነሱን የሚጠብቅ ወታደር ግን በመቶዎች ይቆጠር ነበር። 500 ፓውንድ ለሚያወጣ ሰብል 10,000 ፓውንድ ያህል ወጣ ይባላል። ታኅሣሥ ሲገባ ከነቤተሰቡ ሲሄድ እንኳ የሚነዳለት ባለጋሪ አልተገኘም፤ የወታደር አምቡላንስ ነው ያወጣቸው።

ለድርጊቱ ስም ያወጡለት የአካባቢው ቄስ አባ ጆን ኦማሊ እንደሆኑ ይነገራል። የተማረው ሰው የሚያውቀው «ኦስትራሲዝም» የሚባል ቃል ነበር፤ ሰውን ማግለል ማለት ነው፤ ለገበሬው ይከብዳል ብለው የሰውየውን ስም ሰጡት። ያን ገበሬ አስበው ቃል የመረጡትን ቄስ ወደድኳቸው። ስሙም ብዙ ሳይቆይ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ሩስኛ ውስጥ ገባ።