ዓርብ ቀን 215 ክትፎ

ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሰፊ ምግብ ቤት አለ። ስሙን ልተወው። ደንበኞቹ የከባድ መኪና ሹፌሮች፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችና ከአቃቂና ከቃሊቲ ፋብሪካዎች የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው። የሽያጭ ሲስተማቸውን የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ሲበላሽም የሚጠሩት እኔን ነው። ረቡዕና ዓርብ በምሳ ሰዓት ከደወሉ ነገሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በጾም ቀን ቤቱ እስከ አፍ ገደፉ ይሞላል።

ያን ዓርብ የደወሉት ባለቤቱ ራሳቸው ነበሩ። «ልጄ፣ ቶሎ ድረስ። ወይ ማሽኑ አብዷል ወይ ልጅቷ አብዳለች።»

ስደርስ ዋናዋ ወጥ ሠሪ ከማዕድ ቤት ወጥታ ካሸሯ ፊት ቆማለች። እጇ ላይ ከማዕድ ቤቱ ፕሪንተር የወጣ የትዕዛዝ ወረቀት አለ። «ክትፎ 214፣ ክትፎ 1» ይላል።

«እስቲ አስረዱኝ» ትላለች፣ «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? ይሄን ሁሉ ክትፎ የሚበላው ማነው?»

አስተናጋጆቹ በሳቅ ሞተዋል። ካሸሯ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። ምክንያቱም የወጣው የማዕድ ቤት ወረቀት ብቻ አይደለም። ለታክስ የሚመዘገበው የፊስካል ደረሰኝም ወጥቷል። አንዱ ክትፎ 600 ብር ነው። 215ቱ 129,000 ብር ሆነ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 19,350 ብር። ጠቅላላ 148,350 ብር፣ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ። ሳጥኑ ውስጥ ግን ያ ብር የለም።

የማዕድ ቤቱን ወረቀት ቀዶ መጣል ይቻላል። የፊስካል ደረሰኝ ሌላ ነገር ነው። መሣሪያው የተሸጠውን ሁሉ በማይሰረዝ ማህደር ይይዛል። ማታ ዜድ ሪፖርት ሲወጣ ደግሞ የቀኑ ሽያጭና ታክስ ይዘጋል። ተሳስቼ ነው ብሎ መደምሰስ የለም። ባለቤቱ የተቆጡት ለዚህ ነው፤ ክትፎውማ ሳቅ ነበር።

«ጋሼ፣ እግዜር ያሳይዎት» አለች ካሸሯ፣ «እኔ ኤፍ 8ን ብቻ ነው የነካሁት።»

ጆሮዬ ቆመ። እኔ በጫንኩት ሲስተም ላይ ኤፍ 8 የሚባለው የኪቦርድ ቁልፍ ምንም ሥራ የለውም።

ቀስ ብዬ ስጠይቃት ወጣ። ታናሽ ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለእረፍት በመጣ ጊዜ ስትደክም አይቶ የማክሮ መቅጃ ጭኖላታል። መቅጃው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አንዴ «ቅዳ» ብለህ እንደወትሮህ ትጽፋለህ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቁልፍ ስትነካ የጻፍከውን ሁሉ ራሱ ይደግመዋል። በጾም ቀን በብዛት የሚታዘዘው በየዓይነቱ ለሁለት ከሁለት ውሃ ጋር ነው። በየዓይነቱ ኮዱ 112፣ ውሃ 214። ስለዚህ ኤፍ 8 ሲነካ የሚሮጠው ይህ ነው፦ 112 ኢንተር፣ 2 ኢንተር፣ 214 ኢንተር፣ 2 ኢንተር፣ ከዚያ ክፍያ የሚጠራው ኤፍ 12፣ ኢንተር፣ ኢንተር። ደረሰኙ ወጣ ማለት ነው።

በልጁ አልፈርድም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1990 የወጣው ዊንዶውስ 3.0 ራሱ ሪኮርደር የሚባል እንዲህ ያለ ፕሮግራም ይዞ ነበር፤ ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ቀረ። እህቱም ለወራት ተገልግላበታለች። ወረፋው ድሮ በሩ ጋ ይደርስ ነበር፣ አሁን አይደርስም። ይህን ባለቤቱም አስተውለዋል፤ ምክንያቱን ግን አያውቁም ነበር።

ሎጉን፣ ማለትም ሲስተሙ የተሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፈትኩ። 7 ሰዓት ከ12 ላይ ያ ሁሉ መስመር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ተመዝግቧል። የሰው ጣት እንዲህ አይፈጥንም። ካሸሯ በእጇ እንዳልጻፈችው ባለቤቱን ያሳመናቸው ይህ ነው። ከዚያ በፊት ግን ምን እንደተፈጠረ ለራሴም ሊገባኝ ይገባ ነበር። 112 የት ሄደ? ክትፎ ከየት መጣ?

መልሱ ከኤፍ 8 በፊት የነበረው ደረሰኝ ላይ ነው። ያ ደረሰኝ ሲወጣ የፊስካል ፕሪንተሩ ወረቀት ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ሲስተሙ «ወረቀት እያለቀ ነው» የሚል ትንሽ መስኮት አወጣ፤ ከሥሩ «እሺ» የሚል ቁልፍ አለ። ካሸሯ አላየችውም፤ ዓይኗ ደንበኛው ላይ ነው። ኤፍ 8ን ነካች። 112 ወደዚያች መስኮት ሄዶ ባክኖ ቀረ። ኢንተሩ «እሺ»ን ተጫነና መስኮቷ ተዘጋች። ቀጥሎ የመጣው 2 የበየዓይነቱ ብዛት መሆን ነበረበት። አሁን ግን የኮድ ቦታ ላይ አረፈ። ቤቱ ሲከፈት ክትፎ ቤት ነበር፤ መጀመሪያ የተመዘገቡት ምግቦች ኮዳቸው ባለ አንድ አሃዝ ነው። 1 ጥብስ፣ 2 ክትፎ። ከዚያ የውሃው ኮድ 214 የብዛት ቦታ ላይ ተጻፈ። 214 ክትፎ! የመጨረሻው 2 ደግሞ አንድ ተጨማሪ ክትፎ ጠራ፤ ብዛት ሳይሞላ ክፍያ ስለተጠራ ሲስተሙ አንድ ብሎ ቆጠረው።

ሲስተሙን ወደ መለማመጃ ሞድ ቀየርኩት። እዚያ ላይ የሚጻፈው ወደ ፊስካል አይሄድም። ሆን ብዬ ያቺን መስኮት አስወጣሁና ኤፍ 8ን ነካሁ። 215 ክትፎ። ባለቤቱ በዓይናቸው አይተው ዝም አሉ። ከዚያ ለካሸሯ ሻይ አዘዙላት። ይቅርታ ብለው ከአፋቸው አላወጡም፤ የእሳቸው ይቅርታ ሻይ ነው።

ሌሎቹንም ማክሮዎች አየሁ። ኤፍ 9 ምግቡን በላቲን ፊደል ጽፎ ይፈልጋል፤ ኪቦርዱ በአጋጣሚ ወደ አማርኛ ከዞረ የሚፈልገውን አያገኝም፣ ኢንተሩ ግን ያገኘውን ይመርጣል። ኤፍ 10 በማውዝ የተቀዳ ነው፤ መስኮቱ ትንሽ ከተንሸራተተ ሌላ ቦታ ይጫናል።

ባለቤቱ «ሁሉንም አጥፋው» አሉ። አልተስማማሁም። ካጠፋነው ወረፋው ይመለሳል፤ ልጅቷም ሌላ አቋራጭ ትፈልጋለች። ለበየዓይነቱ ለሁለት ማክሮም አያስፈልግም ነበር። ሲስተሙ ብዙ ምግቦችን በአንድ ኮድ ማሰር ይችላል። በየዓይነቱን ከውሃው ጋር አንድ ጥቅል አድርጌ መዘገብኩት። ዋጋውም የውሃው ክምችትም አብሮ ይሄዳል፤ ምግቡ ሲወደድ ማክሮ እንደገና መቅዳት የለም። ይህ ነገር ሲስተሙ ውስጥ ከመጀመሪያውም ነበር። ለካሸሮች ያሳየ ግን የለም። አዲስ ካሸር ሲቀጠር ስልጠናው በአብዛኛው «እዚህ ጋ ተጫኚ» ነው።

ለቀሩት ማክሮዎች ደግሞ መቅጃውን አውጥቼ አውቶሆትኪ በሚባል የማክሮ መጻፊያ ፕሮግራም ጻፍኩላት። ነፃ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ አለ። ዋናው ልዩነት ከመጫኑ በፊት መመልከቱ ነው። የሽያጭ መስኮቱ ፊት ለፊት ከሌለ አይጀምርም። መሃል ላይ ሌላ መስኮት ብቅ ካለ ይቆማል። ሲስተሙ ላይም ከ30 በላይ ብዛት የኃላፊ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አደረግኩ።

ኤፍ 12ን ግን ከሁሉም ማክሮ አወጣሁት። እዚህ ላይ ግትር ነኝ። እስከ ክፍያ ድረስ የተጻፈ ነገር ይታረማል፤ ከክፍያ በኋላ ያለው የታክስ ጉዳይ ነው። የፈረቃ ለውጥ ላይ ኤክስ ሪፖርት የሚያወጣ ማክሮ ሠርቼላታለሁ፤ ኤክስ አንብቦ ብቻ ያሳያል፣ ምንም አይዘጋም። ዜድ የሚያወጣ ስትጠይቀኝ እምቢ አልኩ። ዜድን በእጇ ትጫን።

እሷም አንድ ነገር አስጨመረችኝ። «ሲቆም ድምፅ ያሰማ» አለች። «እኔ ስክሪን አላይም፣ ሰው ነው የማየው።» ልክ ነበረች። እኔ ቀይ ጽሑፍ ነበር ያሰብኩት።

የቀረው የተሳሳተውን ሽያጭ ተመላሽ ማድረግ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ከሰዓት በኋላ መጣች። የተመላሽ ደረሰኝ ወጣ፣ ዋናው ተያያዘ፣ ምክንያት መጻፍ አለበት። «ካሸር ተሳስታ ልበል?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቱ «ልጅቷ አልተሳሳተችም» አሉ። «እንግዲያው የሲስተም ስህተት ነው?» አለች። እሱን ደግሞ እኔ ተቃወምኩ፤ ሲስተሙ የተጻፈለትን ነው የተቀበለው። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ «በራሱ የሚሠራ የኪቦርድ ትዕዛዝ ያስከተለው የተሳሳተ ምዝገባ» ተብሎ ተጻፈ፤ ባለቤቱም ፈረሙበት።