ባን ኢት ትራን፦ አብሲት ያለው የሩዝ ሊጥ

ቅዳሜ ከሰዓት ሀያ አራት ነጭ ድቡልቡል ሊጦች ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ደርድሬ አንዷም ሳትሰነጠቅ ስትቀር የተሰማኝን ደስታ ለናንተ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው፣ ሁለት ወር ሙሉ እኮ ነው የለፋሁበት። ከዚህ በፊት ፎቶውን ለጥፌ አሰራሩን ፃፊልን ላላችሁኝ በሙሉ ይሄው፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ስሙ ባን ኢት ትራን ነው፣ የቬትናሞች ምግብ። ባን ማለት እነሱ ጋ በአብዛኛው ከዱቄት የሚሰራ ነገር ነው፣ ዳቦውም ባን ሚ ነው፣ ኬኩም ባን ነው። ትራን ማለት ደሞ ራቁት፣ ያው ቅጠል ያልለበሰ ለማለት ነው፣ ምክንያቱም ሌሎቹ የባን ኢት ዘመዶች በሙዝ ቅጠል ተጠቅልለው ነው የሚበስሉት። ቢን ዲን አካባቢ ያለውማ ጋይ የሚባል ቅጠል ሊጡ ውስጥ ስለሚገባ ጥቁር ሆኖ የሚወጣ ጣፋጭ ነው፣ ሁዌ ከተማ ደሞ ለስላሳውን ድቡልቡል ተጠብሶ የሚንኮሻኮሽ ሌላ ሊጥ ላይ አስቀምጠው ባን ራም ኢት ይሉታል። የኔው ግን ጨው ያለው፣ ውስጡ ማሾና ሽሪምፕ ያለበት፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ የሽንኩርት ዘይት የሚፈስበት ነው።

እንዴት አወቅሽው ለምትሉኝ፣ ጎረቤቴ ናቸው ያስተማሩኝ። ሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ፎልስ ቸርች ሰቨን ኮርነርስ ጋ ኤደን ሴንተር አለ፣ በ1984 የተከፈተ የቬትናሞች የገበያ ማዕከል፣ ከዛ ትንሽ ነድታችሁ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ስትደርሱ ደሞ የኛ ሰው ሱቅና ምግብ ቤት ይጀምራል። መጀመሪያ የቬትናሞቹ ሱቅ አርሊንግተን ክላረንደን ነበር፣ በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ ተሰደው የመጡት ናቸው የከፈቱት፣ ከዛ ሜትሮው ሲገባ ኪራዩ ናረና ወደዚህ መጡ። ይሄን ሳነብ ያገራችን ሰው ከዲሲ ወደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሄደበት መንገድ ነው ትዝ ያለኝ።

ጎረቤቴ ከሜኮንግ ደልታ ናቸው። ባክ ነው የምላቸው፣ ከወላጆችህ በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው የሚባል ነው፣ በቃ እንደኛ እትዬ ውሰዱት። እሳቸው ደሞ ኮን ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው ሩዝ በልተሻል ወይ ነው፣ ቬትናሞች እንዲህ ነው ሰላም የሚባባሉት፣ እኔም አልበላሁም ካልኩ ቆይ ብለው ገብተው በሳህን የሆነ ነገር ይዘው ይወጣሉ። አንድ ቀን ይሄን ይዘው ወጡ። አሳማ እንደማንበላ ስለሚያውቁ ኖ ፖርክ፣ ኖ ፖርክ እያሉ ነው የሰጡኝ፣ ባገራቸው የውስጡ በብዛት አሳማና ሽሪምፕ ነው፣ ለኔ ብለው አሳማውን አውጥተው በሽሪምፕና በጥቁር እንጉዳይ ብቻ ሰርተውታል። ቆሜ ኮሪደር ላይ ነው የበላሁት። ሊጡ ጥርስ ላይ ይለመጣል ግን አይጎትትም፣ ውስጡ ደሞ እንደ ክክ ወጥ ድፍድፍ ያለ ግን ደረቅ ብሎ ቅመም የገባው። ማሾውን ሳውቀው ነው በጣም የገረመኝ፣ አዎ ማሾ፣ ያው ሸዋሮቢት አካባቢ በብዛት የሚመረተው። አገራችን ኤክስፖርት የምናደርገው እህል ሆኖ ቤታችን ግን ብዙም አንበላውም፣ እነሱ ደሞ ያለ ማሾ በዓል የላቸውም፣ ለአዲስ አመታቸው ለቴት ሌሊቱን ሙሉ የሚቀቀለው ባን ቴትም ውስጡ ማሾ ነው።

ከዛ ቤቴ ሞከርኩ። ዱቄቱን፣ የሚያጣብቀውን ሩዝ (ግሉቲነስ ራይስ) ዱቄት ማለቴ ነው፣ በቀላሉ ታገኙታላችሁ፣ ባለ ሦስት ራስ ዝሆን ምልክት ያለበት የታይላንድ ዱቄት ነው፣ አረንጓዴውን ከረጢት ግዙ፣ ቀዩ ተራ የሩዝ ዱቄት ነው፣ በሱ ብትሰሩ አይሆንም። አንዱ ከረጢት 454 ግራም ነው፣ ሀያ አራት ፍሬ ያወጣል።

መጀመሪያ ቀን በቀዝቃዛ ውሃ አቦካሁት። ሊጡ ሳህን ላይ ያምራል፣ ልጠቀልል ስል ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ በውሃ እየነካሁ ለጠፍኩት፣ የሚፈላው ውሃ ውስጥ ስከተው ግማሹ ተከፍቶ ማሾው ድስቱን ሞላው። ሁለተኛው ቀን እንደ ገንፎ ይሁን ብዬ የፈላ ውሃ በአንዴ ደፋሁበት፣ እሱ ደሞ ከፊሉ በስሎ ከፊሉ ዱቄት ሆኖ ቀረ፣ እጄ ላይ ተጣብቆ ለመታጠብ እንኳን ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። በዛን ቀን አልቅሻለሁ፣ እውነቴን ነው፣ የስራ ሳምንቱም ከባድ ነበር፣ እና ያ ሊጥ ላይ ሁሉም ነገር መጣብኝ።

ሳህናቸውን ልመልስ ስሄድ ነገርኳቸው። ሳቁና እጄን ይዘው ኪችናቸው አስገቡኝ። ዱቄቱን ጨው ነገር ጣል አድርገውበት፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው፣ ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ አቦኩት። ከዛ ከሊጡ ላይ አንድ ጭብጥ ቆረሱ። እንደ ቂጣ ጠፍጠፍ አድርገው የሚፈላ ውሃ ውስጥ ጣሉት፣ ተንሳፎ እስኪወጣና መልኩ ከነጭ ወደ መስታወት ነገር እስኪቀየር ጠበቁ፣ አወጡትና ትኩሱን መልሰው ጥሬው ሊጥ ላይ አደረጉት። በእጃቸው መዳፍ ጨፍልቀው፣ አጥፈው፣ ጨፍልቀው፣ ያ የበሰለው ቁራሽ ሊጡ ውስጥ እየጠፋ እየጠፋ ሄደና የቀረው ሊጥ በሙሉ የሚያበራ፣ የሚሳብ፣ ለስላሳ ነገር ሆነ።

እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ይሄ እኮ አብሲት ነው! እናቴ ሊጡ ሲቦካ ላዩ ላይ ያቀረረውን ውሃ ደፍታ፣ ከሊጡ ትንሽ ቀድታ፣ በውሃ አብስላ መልሳ የምትጥለው አብሲት። ልጅ ሆኜ ለምንድነው የምትመልሺው ስላት አለዚያማ እንጀራው አይን አያወጣም ብቻ ነበር የምትለኝ። አሁን ሲገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው፣ ስንዴ ግሉተን ስላለው ስታሹት ራሱን በራሱ ይይዛል፣ ጤፍና ሩዝ ግን ግሉተን የላቸውም። ይሄ ሩዝ በእንግሊዝኛ ግሉቲነስ ቢባልም ግሉተን ሳይሆን የሚያጣብቅ ለማለት ነው፣ ስታርቹ ከሞላ ጎደል አሚሎፔክቲን የሚባለው አይነት ስለሆነ ነው እንዲህ የሚጣበቀው፣ እሱም ቢሆን መጣበቅ የሚጀምረው ሙቀት ሲያገኘው ነው። ስለዚ ትንሹን ቀድመህ ታበስላለህ፣ እሷ የቀረውን ትይዛለች። አንዷ ሴት ሜኮንግ ዳር፣ አንዷ እኛ ጋ ምጣድ ስር፣ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ላይ ደርሰዋል፣ እና ይሄን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር፣ እኔ ራሴ ሁለቱን አይቼ ነው ያገናኘሁት።

እሺ ወደ አሰራሩ። ውሃው ለአንድ ከረጢት 360 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ አንድ ተኩል ካፕ ማለት ነው፣ ግን በአንዴ አትጨርሱት፣ የመጨረሻውን ሩብ እጃችሁ ይወስን። ሊጡን በጣት ስትጫኑት ጠርዙ ካልተሰነጠቀ ደርሷል። በእርጥብ ፎጣ ሸፍኑትና ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

የውስጡን ግን ከሊጡ በፊት ጨርሱ፣ ይሄን ስሙኝ፣ ሊጡ አይጠብቃችሁም ይደርቃል። 150 ግራም የማሾ ክክ፣ ቅርፊቱ የወጣለትን ቢጫውን፣ ሦስት ሰዓት ዘፍዝፉና ስቲመር ላይ 25 ደቂቃ አድርጉት፣ በሁለት ጣት ስትጨፈልቁት ሙልጭ ሲል አውርዱና በትኩስነቱ ጨፍልቁት፣ ከቀዘቀዘ ይፈረፈራል። ለብቻው ሻሎት የሚሉትን ትንንሽ ቀይ ሽንኩርት በዘይት አቁላልታችሁ፣ 200 ግራም የተከተፈ ሽሪምፕ፣ ተዘፍዝፎ ደቀቅ ብሎ የተከተፈ ጥቁር እንጉዳይ፣ እነሱ ናም ሜው ነው የሚሉት የድመት እንጉዳይ ማለት ነው ጆሮ ስለሚመስል፣ በርከት ያለ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ማንኪያ ኑክ ማም። ሽሪምፑ ቀላ እንዳለ አውርዱት፣ ሊጡ ውስጥ ዳግም ስለሚበስል። ከማሾው ጋር ለውሱና የግማሽ ሎሚ ያህል እያረጋችሁ ሀያ አራት ቦታ አድቦልቡሉት።

ኑክ ማም ያልኳችሁ የአሳ ሶሱን ነው። ሽታው ያስፈራል መጀመሪያ፣ እኔም ጠርሙሱን በረንዳ ላይ ነበር የማስቀምጠው፣ ግን ትንንሽ አሳና ጨው በእንጨት በርሜል አንድ አመት ያህል ተቀምጦ የሚወጣ ነገር መሆኑን ሳስብ ገባኝ፣ የኛን ቅቤ ለማያውቅ ሰውም የበሰለ ቅቤ እንዲሁ ነው የሚሸተው። ፉ ኩዎክ ከሚባለው ደሴት የሚመጣውን ባክ ከሁሉ ያስበልጡታል።

መጠቅለሉ፣ እጃችሁን ዘይት ቀቡ፣ ሊጡን መዳፋችሁ ላይ ጠፍጠፍ አድርጉ፣ መሀሉን ወፈር ጠርዙን ሳሳ፣ የውስጡን አስቀምጡና ጠርዙን ወደ ላይ ሰብስባችሁ ግጠሙት፣ ከዛ በሁለት መዳፍ መሀል አሽከርክሩት፣ አየር ውስጡ እንዳይቀር ጫን እያላችሁ። ሰፊ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ ስምንት ስምንት እያረጋችሁ ክተቱ፣ ገና እንደገባ በእንጨት ማንኪያ ከስር አንዴ ነካ አድርጉት ያለዚያ ይይዛል። ሲንሳፈፉ ወዲያው አታውጡ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩላቸው። ከፈለጋችሁ በስቲመርም ይሆናል፣ ስሩ ዘይት የተቀባ የሙዝ ቅጠል ካደረጋችሁ ቤቱ በሙሉ ድፎ ዳቦ በኮባ የተጋገረ ነው የሚሸተው፣ እኔ አንዴ እንደዛ አድርጌ በሩን ከፍቼ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ላዩ ላይ የሚፈሰው መ ሃን ነው፣ ግሪን ኦኒየን የምንለውን ከትፋችሁ ትንሽ ጨው ጨምራችሁ ዘይት አግላችሁ ቸስ እስኪል ማፍሰስ በቃ። ማጥቀሻው ደሞ አንድ ማንኪያ ስኳር በሦስት ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ሟምቶ፣ አንድ ማንኪያ ኑክ ማም፣ አንድ ማንኪያ የላይም ጭማቂ፣ ላይም ማለት የኛው አገር ሎሚ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በመጨረሻ ጨምሩት፣ ያኔ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ባክ ሳህኑን አይተው ብቻ ቅደም ተከተሉን ያበላሸ ሰው ያውቃሉ።

ለፆም እንዴት እናድርግ ለምትሉ፣ እነሱም ፆም አላቸው እኮ፣ ቻይ ይሉታል፣ ብዙ ቡድሂስቶች በጨረቃ አቆጣጠራቸው ወሩ በባተ 1 እና 15 ከስጋና ከአሳ ይፆማሉ፣ ጥብቅ የሆኑት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይነኩም። ስለዚ የፆሙ አይነት የራሳቸው ነው፣ እኛ የፈጠርነው አይደለም። ሽሪምፑን ትታችሁ እንጉዳዩን እጥፍ አድርጉ፣ ካሮት ደቀቅ አድርጋችሁ ጨምሩ፣ በኑክ ማም ፋንታ ሶያ ሶስ። እኔ ፍልሰታን በዚህ ነው የማሳልፈው ዘንድሮ።

የተረፈው ፍሪጅ ከገባ ይደርቃል፣ መልሳችሁ በስቲመር አሙቁት ይለሰልሳል። ጥሬውን ደሞ ትሪ ላይ ለየብቻ ፍሪዝ አድርጋችሁ ከረጢት ውስጥ ክተቱ፣ ሳታቀልጡ ከነበረዶው የሚፈላ ውሃ ውስጥ መጨመር ነው፣ ከማታ ሺፍት ስመለስ አራት ፍሬ አስር ደቂቃ ውስጥ ይደርስልኛል።

ቅዳሜ ስምንቱን በሳህን አድርጌ የሽንኩርቱን ዘይት አፍስሼበት የባክን በር አንኳኳሁ። ቆመው በአውራ ጣታቸው አንዷን ጫን አደረጉ፣ ጣታቸውን ሲያነሱ ሊጡ ተመልሶ ሞላ። ገመሱት፣ ውስጡን አዩ፣ በሉ፣ ምንም ሳይሉ ሁለተኛዋን አነሱ። ከዛ ያ አብሲት ያልሽኝ ነገር ምንድነው፣ አሳዪኝ አሉኝ፣ ባለፈው ኪችናቸው ውስጥ ስጮህ ሰምተውኝ ኖሯል። ትላንት ማታ ጤፍ አቡክቻለሁ። ሐሙስ ይደርሳል፣ እሳቸው ባሉበት ነው አብሲቱን የምጥለው።