አይላ ደሴት፦ ሠላሳ አንድ ዕፅ በአንድ ብርጭቆ

ወደ ስኮትላንዷ አይላ ደሴት ለመሻገር ከግላስጎ ኬናክሬግ ወደብ ድረስ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ ከዚያ መርከቡ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይወስዳል። በሐምሌና በነሐሴ መኪና ይዞ የሚሻገር ሰው ቦታ አስቀድሞ ካልያዘ ወደቡ ላይ መቅረቱ ነው። ደሴቲቱ ላይ ፖርት አስኬግ ወደብ ወርደን፣ ሎክ ኢንዳል የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ ተከትለን ብሩክላዲ ገባን። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1881 የተመሠረተ የውስኪ ፋብሪካ ነው፤ በ1994 ተዘግቶ በ2001 ተከፈተ። እኛን የሳበን ግን ውስኪው ሳይሆን ከ2010 ጀምሮ የሚያወጡት ጂን (በጥድ ፍሬ የሚቀመም የአልኮል መጠጥ)፣ ዘ ቦታኒስት ነው።

ጂኑ የሚወጣበት የመዳብ ጋን «አግሊ ቤቲ» ይባላል፤ አስቀያሚዋ ቤቲ እንደማለት። አንገቷ እንደ ሌሎቹ ቀጭንና ቆልማማ ሳይሆን ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው። ዘጠኙ ዋና ቅመሞች፣ ማለትም የጥድ ፍሬ፣ ድንብላል፣ ቀረፋ፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ እንዲሁም ሥራሥሩ ጋኑ ውስጥ ከአልኮሉ ጋር ይዘፈዘፋሉ። ከደሴቲቱ በእጅ የተለቀሙት ሃያ ሁለቱ ዕፀዋት ግን አይቀቀሉም፤ እንፋሎቱ በላያቸው ያልፋል። ለጋ ቅጠልና አበባ ከፈላ የተቀቀለ ጎመን ይሸታል፤ እንፋሎት ግን ስሱን መዓዛ ብቻ ይዞ ይወጣል። አንዱ ዙር አሥራ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም፤ እሳቱ ከበረታ የሚወርደው ሻካራ ነው።

ለመቅመስ 20 ሚሊ ሊትር ጂን አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ይቀዳል። በረዶ አይግባበት፤ ቅዝቃዜ መዓዛን ያፍናል። አልኮሉ 46 በመቶ ስለሆነ አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ መክተት ማሽተቻውን ያደነዝዛል፤ ከጠርዙ ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ አፍን ገርበብ አድርጎ ማሽተት ይሻላል። ከዚያ ውሃ በሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር በ5 ሚሊ ሊትር፣ በየመሐሉ እያሸተቱ እስከ አራት ማንኪያ። ያን ጊዜ 23 በመቶ ይሆናል፤ የተደበቀውም ይወጣል። መጀመሪያ ጥድና ሎሚ፣ ቀጥሎ ናና፣ ከዚያ የጦስኝ ዘመድ፣ መጨረሻ ላይ የአሪቲ ወገን የሆነው መራራ ቅጠል ምላስ ጠርዝ ላይ ይቀራል። ለእኛ አፍንጫ ይህ ጂን ባዕድ አይደለም! በዕፀዋት ዘይት የከበረ ጂን ውሃ ሲነካው ደፍረስ ቢል አልተበላሸም፤ ዘይቱ ነው። ከመቅመሱ በፊት ግን ቡናና ሽቶ አይሁን።

የአገራችን ጥድ ጂኑ ውስጥ የሚገባው ጥድ ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም፤ ዝርያው ሌላ ስለሆነ ፍሬውን ለቅሞ በምትኩ መዘፍዘፍ አይገባም።

ሲደባለቅ ትልቁ ስህተት ቶኒክ ማብዛት ነው። ለ50 ሚሊ ሊትር ጂን በመጀመሪያ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ጨምሮ መቅመስ፣ ካስፈለገ እስከ 150 መድረስ። ከዚያ በላይ የምትጠጡት የኪኒንና የስኳር ውሃ ነው። ቶኒኩ ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ በረዶውም ትልልቅ ይሁን፤ ለብ ያለ ቶኒክ በረዶውን አቅልጦ ጋዙንም ያባርራል። በብርጭቆው ጎን ቀስ ብሎ ማንቆርቆር፣ አንዴ ብቻ ማማሰል። ላዩ ላይ አንድ ዘለላ ጦስኝ ወይም ነጩ የተላጠለት ስስ የሎሚ ልጣጭ ይበቃል። ሎሚ መጭመቅ አያስፈልግም፤ በተለይ አገር ቤት የለመድናት ትንሿ ሎሚ ኮምጣጣነቷ አበባውን ሁሉ ትውጠዋለች።

ለማርቲኒ 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ ቬርሙት፣ በበረዶ ላይ 30 ሰከንድ ማማሰል። ከተናጠ በረዶው ተሰባብሮ ይቀጥናል። ቬርሙት ወይን ነውና ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ይግባ፤ መደርደሪያ ላይ የከረመ ቬርሙት የሚያበላሸውን ማርቲኒ ሰው በጂኑ ያሳብባል። ጂን ከቬርሙትና ከካምፓሪ ጋር የሚደባለቅበትን ኔግሮኒ ለዚህ ጂን አንመክርም፤ መራራው ቀይ ካምፓሪ ሲገባ ጥዱ ብቻ ይተርፋል፣ የሃያ ሁለቱ ዕፀዋት ድካም ይጠፋል። ለኔግሮኒ ጥዱ የጎላ ተራ ጂን ይሻላል።

ስኮትላንድ ውስጥ ለሾፌር የተፈቀደው ከእንግሊዝ ያነሰ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም አልኮል፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን 80። ስለዚህ የሚነዳው ሰው አይቅመስ። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች የሾፌሩን ድርሻ በትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ስለሚሰጡ፣ ገና ሲገቡ መጠየቅ ነው።