ሳይነቀል የከረመው ሃርድ ዲስክ

መጋቢት ውስጥ ነው፣ ሰኞ ጠዋት። በደብረ ብርሃን ብርድ የደነዘዘ እጄን ሳላሞቅ የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠራችኝ። «ወንድሜ፣ ፋይሎቼ አልከፈት አሉኝ» አለች።

ሄጄ አየሁት። በእያንዳንዱ የኤክሴል ፋይል ስም መጨረሻ ላይ የማላውቃቸው አራት ፊደላት ተለጥፈዋል። በየፎልደሩ አንድ መልእክት ተቀምጧል፦ 980 ዶላር ክፈሉ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490። ራንሰምዌር ነው፤ ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ። ቶሎ ብዬ የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩ፤ የጋራ ፎልደር ካገኘ እሱንም ይቆልፋል።

«ዓርብ ማይክሮሶፍት ኦፊሱ አክቲቬት ካልሆንኩ ሲለኝ፣ ሳይከፈልበት የሚያሠራውን ክራክ አውርጄ ነበር። አንቲቫይረሱን አጥፊ ይላል፣ አጠፋሁት» አለች እየተንቀጠቀጠች። አልተቆጣኋትም። ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ይገዛ ብሎ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ አልጠየቅኩም።

ስቶፕ የሚባለው የራንሰምዌር ዓይነት ነው፤ በብዛት የሚገባው በክራክ ነው። ሲቆልፍ ከዘራፊዎቹ ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ጋር መገናኘት ካልቻለ ውስጡ ባለ ቋሚ ቁልፍ ይቆልፋል፤ ያኔ በነፃ መፍቻ የመከፈት ዕድል አለው። ዓርብ ግን ኔትወርኩ ጥሩ ነበር፤ ከሰርቨሩ በመጣ ቁልፍ ተቆልፏል። የእኛ አልተፈታም።

«ባክአፕ አለን አይደል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። መጠባበቂያ ቅጂው ያለበት ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጀርባ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ከተገዛ ጀምሮ ተነቅሎ አያውቅም። ከፈትነው። እነዚያው አራት ፊደላት። ዊንዶውስ ራሱ የሚያስቀምጣቸው የቀድሞ ቅጂዎችም ተሰርዘዋል። ሆዴ ባዶ ሆነ።

የደረሱልን የንብረት ክፍሉ ጋሼ ናቸው። ከመሳቢያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ፍላሽ አወጡ። «የስድስት ወሩ ሒሳብ ሲዘጋ የሰጠሽኝ ነው፣ ልጄ» አሏት። አቅፋቸው አለቀሰች።

ገንዘቡን አልከፈልንም። ከፍለው ቁልፍ ያላገኙ ብዙ ናቸው፤ የተከፈለውም ለሚቀጥለው ዘረፋ ስንቅ ነው። ከጥር ወዲህ ያለውን ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ መልሰን ጻፍን። የመሐል ሜዳና የእነዋሪ ቢሮዎቻችን ጥራዝ በአውቶቡስ ተላከልን። ሦስት ሰው ሆነን 11 ቀን ፈጀብን።

አሁን ሁለት ዲስክ አለን። አንዱ ካዝና ውስጥ፣ ሌላው ከቢሮ ውጭ ያድራል፤ በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። በወር አንድ ቀን ከዲስኩ ፋይል መልሰን እንከፍታለን፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አላምንም። ላይሰንሱም ተገዛ።

ዓርብ 11 ሰዓት ሲሆን ጋሼ በሩ ላይ ይቆማሉ። «ነቀልሽው፣ ልጄ?»