ከ7 እስከ 11 ሰዓት

ከደሴ የተነሣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። እናቴ መስኮቱ አጠገብ፣ እኔ ከጎኗ። ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ነው። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስንደርስ ብርዱ በረታ። ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ሳብኩላት። "ደረስን?" አለችኝ። ገና ነበርን።

አዲስ አበባ የመጣነው ለሕክምና ነው። መጋቢት 2017፣ የዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ። እናቴ ሆስፒታል ተኛች። ውጤቱ በሦስት ቀን ይደርሳል ተባለ። ቀጥሎ መሣሪያው ተበላሽቷል ተባለ። ሦስቱ ቀን አሥራ ሁለት ሆነ። አስታሞ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይሞላዋል፤ እኔ እዚህ ላይ አልቆይም።

የመጠየቂያ ሰዓቱ ከቀኑ 6 እስከ 7፣ ከዚያ ደግሞ ማታ ከ11 እስከ 12 ነበር። በመሃል አራት ሰዓት አለ። ያረፍኩት ቀበና አክስቴ ቤት ነው። ከታክሲ ሰልፉ ጋር ሄዶ መመለሱ አድካሚ ስለሆነብኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አልተነሣሁም። በሦስተኛው ቀን የበሩ ዘበኛ መጡ። ሽበታም ሰው ናቸው። "ልጄ፣ እዚህ ስለተቀመጥሽ ሰዓቱ አይሮጥልሽም። ዞር ዞር በይ እንጂ" አሉኝ።

ዞር ዞር አልኩ።

ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ። የጥልፍ ንድፍ አወጣለሁ። የሐበሻ ቀሚስ አንገትና ደረት ላይ የሚወርደውን፣ ጫፉ ላይ የሚዞረውን ጥልፍ መጀመሪያ በወረቀት እነድፋለሁ። ከዚያ በካርቦን ጨርቁ ላይ እገለብጠዋለሁ። ጠላፊዎቹ በክር ይሞሉታል። ሙያውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እሷ ከታመመች ጀምሮ ግን፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ አንድም አዲስ ንድፍ አልወጣልኝም። ደንበኛ ሲመጣ የድሮውን አወጣና እገለብጣለሁ። የክር ዋጋ ጨምሯል፣ ገበያውም ቀዝቅዟል፤ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እርሳስ ስይዝ እጄ የለመደውን ብቻ ይደግማል። ዓይኔ ምንም አያቀብለውም።

መጀመሪያ የሄድኩት ፒያሳ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ይዞኝ መጥቶ ነበር። ያኔ በወርቅ ቤቶቹ መስታወት ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ቆሜያለሁ። በ2016 ብዙው ከፈረሰ በኋላ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከአባቴ ጋር ሻይ የጠጣንበትን ጥግ ፈለግኩት። የለም። ቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። መንገዱ ያምራል፣ አልዋሽም፤ ሰው እንደ ልቡ ይራመዳል። ሆዴ ግን ባር ባር አለ። አባቴም የለ፣ ጥጉም የለ።

ከአድዋ ድል መታሰቢያው ወረድ ብሎ የእግረኛ መንገዱን የሚጠግኑ ልጆች ነበሩ። አንዱ ተንበርክኮ ንጣፍ ድንጋይ ይደረድራል። ግራጫ፣ ቀይ፣ ግራጫ። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሲባጎ ወጥሯል። ቆሜ አየሁት። ቀና አለና፦

"ምን ጠፋብሽ እህቴ?"

"ምንም። አሠራርህን እያየሁ ነው።"

"ይሄን?" ተገረመ። ወዲያው ግን ደስ አለው። ሲባጎውን በጣቱ ነካ አድርጎ "ይሄ ካልተወጠረ ድንጋዩ ይዋሻል" አለኝ።

ሸማኔም ድሩን የሚወጥረው ለዚሁ ነው። ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ ማዕዘኑን አየሁ። ቀዩ መስመር መንገዱን ይዞ ሲታጠፍ አልተቆረጠም፤ እንደ ውሃ ዞሯል። እኔን ለዓመታት ያስቸገረኝ ይሄ ነው። የቀሚስ አንገት ላይ ጥልፉ ሲታጠፍ ይሰበርብኛል። አበባ ለጥፌ እሸፍነዋለሁ። እንዴት እንዳዞረው ጠየቅኩት። ሁለቱን ድንጋይ በሰያፍ ግማሽ አድርጎ ይቆርጣል፣ ግማሹን ከግማሹ ይገጥማል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወረቀት አልነበረኝም። የመድኃኒት ደረሰኝ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ልጁ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አንሥቶ ሰጠኝ። ወፍራም የአናጢ እርሳስ ነው፣ ቀይ ቅብ ያለው። ስመልስለት "ያዢው፣ ሌላ አለኝ" አለኝ።

በማግስቱ ጊዮርጊስ ሄድኩ። በጾም ቅዳሴው ከሰዓት ስለሚሆን ደረስኩበት። ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ነው። ታቦቱ አድዋ ዘምቷል። ጣልያን በወረራው ዘመን አቃጥሎታል፣ ከነጻነት በኋላ ታድሷል። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው የኖርኩት። ያልሰማሁት ስለ ብርሃኑ ነው። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወቶች አሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀለማቸው ወደ ውስጥ ይወርዳል። ከፊቴ የቆሙት እናት ነጠላ ጥለት የለውም፣ ሜዳ ነጭ ነው። ትከሻቸው ላይ ቀይ አረፈበት። ቀስ ብሎ ወደ ጀርባቸው ሄደ፣ ሰማያዊ ተከተለው። እሳቸው አያውቁም፤ ይጸልያሉ። ጥበብ የሚለው ቃል ለዕውቀትም ለነጠላ ጥለትም አንድ መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ያን ቀን እንባዬን አመጣው። ለእናቴ እያለቀስኩ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቼ ግን እንዲያ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ስምንት ወር ሙሉ ቀለም አይቼ አላውቅም ነበር።

ቅዳሴው 9 ሰዓት ላይ አለቀ። ምኒልክ አደባባይ ላይ ሐውልቱን ሳልፍ ቀና ብዬ አየሁት። ጣልያኖች ነቅለው ቀብረውት የነበረ ፈረሰኛ ነው፤ ይኸው ቆሟል። ከዚያ ቁልቁል በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ወደ አራት ኪሎ አዘገምኩ። እህል አልቀመስኩም ነበርና አንድ ጁስ ቤት ገባሁ፣ ስፕሪስ አዘዝኩ። እባካችሁ ስፕሪስ ሲመጣላችሁ ወዲያው አታማስሉት። አቮካዶው ከታች ረግቶ ተቀምጧል። ማንጎው በላዩ ነው። ፓፓያው ከማንጎው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ መስመር የለም፤ አንዱ ወደ ሌላው ይሟሟል። ላዩ ላይ ቪምቶ ጠብ ተደርጎበታል። እኛ ጠላፊዎች ቀለም ከቀለም ስናገናኝ ጥቁር ክር መሃል እናስገባለን። ለምን? ማን አዘዘን? ሎሚዬን ጨምቄ ለረጅም ጊዜ አየሁት። የምታስተናግደው ልጅ መጥታ "ችግር አለው እንዴ?" አለችኝ። የለውም አልኳት። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር ከቀመስኩ ቆይቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ አራቱ ሰዓት ያጥረኝ ጀመር። ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ። ሚያዝያ 27 አደባባይ አጠገብ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ደንበኛ ሆንኩ። ቄጠማውን የምትጎዘጉዝበትን እጇን ነድፌዋለሁ። አንድ ቀን ስድስት ኪሎ ወጥቼ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን ሙዚየም አየሁ። የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረው ነው። ፎቁ ላይ መስቀሎቹ ፊት ብዙ ቆየሁ። አንድ ሐረግ ተነሥቶ፣ ራሱን አቋርጦ፣ ዞሮ ተመልሶ መነሻው ላይ ይገባል። መቋጠሪያው አይታይም። ውጪ ደግሞ ጣልያኖች የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ወጥተውት የትም አይደርሱም፤ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ይዞራል። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃውን ሳያፈርሱ አንበሳውን ያስቀመጡትን ሰዎች በልቤ አመሰገንኩ። ደብተሬ ውስጥ ያ ጥምዝ አለ። ለእጅጌ ይሆናል።

ያን ማታ ለእናቴ አሳየኋት። ውጤቱ ገና አልመጣም ነበር። ትራሷን ከፍ አድርጌ ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘረጋሁላት። መነጽሯን አደረገች። አንገቱ ስምንት ማዕዘን ነው፣ መስመሩ በየማዕዘኑ ሳይሰበር ይታጠፋል። ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር የለም። ዝም ብላ ብዙ አየችው። ከጎን አልጋ የተኙት ሴትዮም ብድግ ብለው አዩ።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?" አለች።

"ከፒያሳ። መንገድ ላይ።"

"ማዕዘኑን አገኘሽው" አለች። ትንሽ ቆየችና ጣቷን ከታች በኩል አሳረፈች። "እዚህ ጋ ግን ቸኩለሻል። ለጠላፊዋ መርፌ ማሳረፊያ አልተውሽላትም። ሐረጉ አይተነፍስም።"

"የቱ ጋ?"

"አንቺ ልጅ፣ እርሳሱን አምጪው።"

ቀዩን የአናጢ እርሳስ ሰጠኋት። እጇ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ ስለነበር በግራዋ ያዘችው። ነርሷ ሰዓት አልቋል እያለች በየአልጋው መዞር ጀምራለች። እናቴ ቀና አላለችም። "ቆዪ፣ አንዴ" አለች፣ መስመሩን እየጎተተች።